የድሮው ሃርድ ሮክ ወይስ የአሁኑ? መጀመሪያ በምን እንደምትሰሙት ንገሩኝ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአጋሮ መጥታ እኛ ጋ ሰንብታ ነበር፣ አንድ ማታ ጅማ ሂርማታ ያለችው ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብለን «ይሄ ሁሌ የምትሰማው ነገር ምኑ ነው እንዲ የያዘህ፣ እስኪ ለኔም አሰማኝ» አለችኝ። እኔ ደሞ ሃርድ ሮክ አሰማኝ የሚለኝ ሰው ካገኘሁ እንቅልፍ የለኝም፣ ወዲያው የቫን ሄለንን የመጀመሪያ አልበም ከፈትኩላት፣ የ1978ቱን፣ ለኔ የኤሌክትሪክ ጊታር ታሪክ ከሱ በፊትና ከሱ በኋላ ተብሎ ነው የሚቆጠረው። ኤርፎኗን ሰክታ ሁለት ዘፈን በትዕግስት ሰማችና «ድራሙ አሪፍ ነው፣ ዘፋኙም ደስ ይላል፣ ግን ያ ሁሉ ያወራህለት ጊታር የታለ? ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ነው እንዴ የሚመታው?» አለችኝ። ደነገጥኩ። ኤርፎኑን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግራው ሞቷል፣ ቀኙ ብቻ ነው የሚሰራው፣ በዛ አልበም ላይ ደሞ የኤዲ ቫን ሄለን ጊታር በአብዛኛው ወደ ግራ ነው የተቀመጠው፣ በቀኝ በኩል የሚመጣው የጊታሩ ማሚቶ ነው። ልጅቷ ሁለት ሙሉ ዘፈን ያዳመጠችው ማሚቶውን ነው ማለት ነው።

ከዛን ቀን ወዲህ ሰው «ከድሮው ልጀምር ወይስ ከአዲሱ?» ሲለኝ ቶሎ አልመልስም፣ መጀመሪያ «በምንድነው የምትሰማው? የትስ ሆነህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ይሄን ጥያቄ የሚመልሰው በዕድሜ ነው፣ ትልልቆቹ ድሮ ቀረ ይላሉ፣ ልጆቹ ደሞ የድሮው ቀረጻ ደብዝዟል ይላሉ፣ እኔ ግን ሁለቱንም ስለምወድ አንዱን ለማሳነስ አልጽፍም። የማወዳድረው ለእናንተ ሁኔታ የቱ እንደሚሻል ነው። ድሮ ስል ከ1968 አካባቢ እስከ 80ዎቹ መጨረሻ ያለውን ነው፣ አዲስ ስል ያለፉትን 15 እና 20 አመታት ነው፣ አመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ንጽጽሩ እገባለሁ። «የኛ ጆሮ ሮክ አይለምድም» የሚል ሰው አጋጥሞኝ ያውቃል፣ በፍጹም አልስማማም። ሃርድ ሮክ ከብሉዝ ነው የወጣው፣ የብሉዝ ጊታሪስቶች ማይነር ፔንታቶኒክ የሚሉት አምስት ድምፅ ደሞ እኛ ባቲ ማይነር ከምንለው ቅኝት ጋር አንድ ነው። ስለዚ የብላክ ሳባቱን ጊታሪስት የቶኒ አዮሚን ሶሎ ስትሰሙ የሆነ የምታውቁት ነገር ጭራውን ካሳያችሁ አትገረሙ፣ ስታድጉ ስትሰሙት የኖራችሁት ነው።

ዝናቡና ቆርቆሮው

የጅማን ዝናብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ብቻ ጠብቆ የሚመጣ ዝናብ አይደለም፣ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው የሚያወራው አይሰማም። አሁን በዚ ሰዓት በትንሽ ብሉቱዝ ስፒከር የሌድ ዜፕሊንን 4ኛ አልበም ክፈቱ፣ የ1971ዱን። «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ስምንት ደቂቃ ነው፣ ድራሙ የሚገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው፣ እስከዛ ድረስ ያለው ቀስ ያለ አኩስቲክ ጊታርና ዋሽንት መሳይ ድምፅ ነው። ቆርቆሮው ስር ያንን አራት ደቂቃ ታጡታላችሁ፣ ድምፁን ብትጨምሩት ደሞ መጨረሻ ላይ ስፒከሩ ይንጫረራል። ዘፈኑ ምንም ጥፋት የለበትም፣ በዛን ጊዜ ሲቀረጽ በለሆሳሱና በጩኸቱ መሃል ሆን ተብሎ ሰፊ ርቀት ይተዉ ነበር፣ ሰው ቤቱ ውስጥ ሸክላ አስቀምጦ ተረጋግቶ ያዳምጣል ተብሎ ነው የተሰራው።

ከ90ዎቹ ወዲህ ነገሩ ተቀየረ፣ ሲዲ ሲስፋፋ ሁሉም የኔ ዘፈን ከሌላው ጎልቶ ይሰማ እያለ ለሆሳሱን ወደ ላይ እየገፋ ጩኸቱን እየጨፈለቀ ሁሉንም እኩል ማድረግ ጀመረ፣ ፈረንጆቹ ላውድነስ ዋር ይሉታል፣ የድምፅ ከፍታ ጦርነት እንደማለት ነው። የሜታሊካ የ2008ቱ «ዴዝ ማግኔቲክ» ሲወጣ አድናቂዎቹ ራሳቸው ከመጠን በላይ ተጨፍልቋል ብለው ፊርማ አሰባስበዋል፣ የዛው አልበም ዘፈኖች ጊታር ሂሮ በሚባለው ጌም ላይ ሲወጡ ያን ያህል ስላልተጨፈለቁ የጌሙ ቅጂ የተሻለ ነው እየተባለ በጣም ተወርቶበታል። ይሄ እንደ ጉዳት ነው የሚነገረው፣ ልክም ነው፣ ግን ለኛ አንድ ጥቅም አለው፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ዝናብ ስር፣ ቡና ሲወቀጥ፣ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ስትሰሙ አዲሱ ያሸንፋል፣ ምክንያቱም የሚጠፋ ክፍል የለውም። ማታ ላይ መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ሁለቱም ጆሮው የሚሰራ ኤርፎን ሲኖራችሁ፣ ያኔ የድሮውን አውጡት፣ አዲሱ እዛ ጋ አይደርስበትም።

አንድ ጆሮው የሞተ ኤርፎን ብቻ ያላችሁ ደሞ ተስፋ አትቁረጡ። ስልካችሁ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ የሚለው ጋ ገብታችሁ ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አብሩት፣ ግራና ቀኙ ተቀላቅሎ በአንዱ ጆሮ ይመጣል፣ ስፋቱን ታጣላችሁ ግን ጊታሩን አታጡም። ለአክስቴ ልጅ እንደዛ አድርጌ ያንኑ አልበም ከመጀመሪያው መልሼ ስከፍትላት ከተቀመጠችበት በርጩማ ተነሳች።

አሁን አንድ ባንድ ላፋጥጣቸው

በድምፅ ማለትም በዘፋኝ የምትማረኩ ከሆነ ፍጥጫው ሌድ ዜፕሊን ከግሬታ ቫን ፍሊትና ከራይቫል ሳንስ ጋር ነው። ግሬታ ቫን ፍሊት ሚሺጋን ውስጥ ፍራንከንሙዝ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጡ ሦስት ወንድማማቾችና አንድ ጓደኛቸው ናቸው፣ ዘፋኙና ጊታሪስቱ መንትያ ናቸው፣ በ2019 «ፍሮም ዘ ፋየርስ» በሚለው ስራቸው የአመቱን ምርጥ የሮክ አልበም ግራሚ ወስደዋል። ሰው ዜፕሊንን ቀዱ ብሎ ወረደባቸው፣ እኔ መጀመሪያ ስሰማቸው የተሰማኝ ደስታ ነው፣ በ20ዎቹ መጀመሪያ ያሉ ልጆች እንደዛ ሲጫወቱ መስማት ምኑ ነው የሚያስከፋው? ቢሆንም አንድ ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ ራይቫል ሳንስን ነው የምመርጠው። ከካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ናቸው፣ የ2019ኙ «ፌራል ሩትስ» ላይ ዘፋኙ ሲጮህ ከሆዱ ነው የሚጮኸው፣ ብሉዙ አለ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንደሚዘመረው አይነት ነገርም አለበት፣ ብላክ ሳባት በ2016 የመጨረሻ ጉዟቸውን ሲጀምሩ ከፊታቸው እንዲጫወቱ የመረጧቸው እነሱን ነው። ከድሮ ወደ አዲስ መሻገሪያ ድልድይ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ አልበም ነው።

ዜፕሊን ግን አንድ ነገር አላቸው ማንም ያልደገመው፣ እሱም ድራሙ ነው። 4ኛው አልበም መጨረሻ ላይ ያለውን ዘፈን ሲቀርጹ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ ሄድሊ ግሬንጅ የሚባል ከ1795 ጀምሮ የነበረ ትልቅ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ድሮ የድሆች መጠለያ የነበረ ቤት ነው፣ የጆን ቦናምን ድራም ደረጃው ስር አዳራሹ ውስጥ አስቀመጡትና ማይኮቹን ከላይ ከፎቁ አንጠለጠሉ፣ በቃ፣ ከበሮው አጠገብ የተጠጋ ማይክ የለም፣ የምትሰሙት የቤቱን ግድግዳና ደረጃ ጭምር ነው። አይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት፣ ክፍሉ ይታያችኋል። ቦናም መስከረም 1980 ላይ በ32 አመቱ ሲሞት ባንዱ ያለሱ አንቀጥልም ብሎ ተበተነ፣ ድራሙን ሰምቶ ውሳኔያቸው የማይገባው ሰው የለም።

ጭንቅላት የሚያስነቀንቅ ቀጥ ያለ ምት ለሚፈልግ ኤሲዲሲና ኤርቦርን አሉ፣ ሁለቱም አውስትራሊያ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች ያቋቋሟቸው። እዚ ጋ ብዙ አላወዳድርም፣ የኤርቦርን የ2007ቱ «ረኒን ዋይልድ» ለስፖርት፣ ለጠዋት ሩጫ፣ ለጽዳት ቀን አንደኛ ነው፣ ጉልበቱ አያልቅም፣ ግን ከኤሲዲሲ «ባክ ኢን ብላክ» ጋር አብራችሁ ስትሰሙት ልዩነቱ የዝምታ ነው። ኤሲዲሲ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መሃል ቦታ ይተዋሉ፣ ያ ባዶ ቦታ ነው ሰውነት የሚያወዛውዘው። አልበሙ የወጣው ሐምሌ 1980 ነው፣ ዘፋኛቸው ቦን ስኮት ከሞተ አምስት ወር ነው፣ በቀስታ በሚደወል ደወል ነው የሚጀምረው፣ ደወሉ ለሱ ነው፣ የአልበሙ ሽፋንም ሙሉ ጥቁር ነው ልክ እንደ ሀዘን ልብስ። ለቅሶ ቤት የነበረ ሰው ያንን ደወል በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። አስር ዘፈን፣ 42 ደቂቃ፣ አንዱም የሚዘለል የለም። በትንሽ ስፒከርም ቆርቆሮ ስርም ከድሮዎቹ ሁሉ ሳይጠፋ የሚሰማው እሱ ነው፣ ስለዚ ከላይ ያልኩትን ህግ የሚጥስ ብቸኛ የድሮ አልበም ብላችሁ ያዙት።

ከበድ ያለውን፣ ጨለም ያለውን የምትወዱ ብላክ ሳባት ጋ መምጣታችሁ አይቀርም። ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሰራተኛ ነበር፣ በ17 አመቱ ስራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው፣ ግራኝ ስለሆነ ደሞ ገመዱን የሚጫንበት እጅ ቀኙ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ ሰራ፣ በላዩ ላይ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን ገመድ አሰረ፣ በኋላም በ1971 «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ገመዶቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገው፣ ለጣቱ እንዲቀለው። ያ የላላ ገመድ የሚሰጠው ወፍራም ድምፅ ነው ዛሬ ከባድ ሙዚቃ የሚባለው ሁሉ የቆመበት። የመጀመሪያ አልበማቸው በአንድ ቀን ነው የተቀረጸው፣ አርብ የካቲት 13 ቀን 1970 ወጣ። ዘፋኛቸው ኦዚ ኦዝቦርን ሐምሌ 2025 ላይ ሲሞት፣ እዛው ትውልድ ከተማው ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ዙፋን ላይ ተቀምጦ ከዘፈነ ሦስት ሳምንት እንኳን አልሞላውም ነበር፣ እኔ ያን ማታ እስኪነጋ የመጀመሪያዎቹን አራት አልበሞች በተራ ሰማሁ።

ከአዲሶቹ ለሳባት አቻ ብዬ የማቀርበው ሮያል ብለድን ነው፣ ብዙ ሰው በዚ አይስማማም። ከብራይተን የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ድራም፣ አንዱ ቤዝ እየመታ ይዘፍናል፣ ጊታሪስት የላቸውም! ቤዙን በፔዳልና በጊታር አምፕሊፋየር ጭምር እያሳለፈ ነው ያንን ሁሉ ጩኸት የሚያመጣው። የ2014ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው እንግሊዝ አንደኛ ሆኖ ነበር፣ ዘፈኖቹ አጫጭር ናቸው፣ ሪፉ ማለትም እየተመላለሰ የሚመጣው ሀረግ ቶሎ ይይዛል። ቤዝ ያለው ትልቅ ስፒከር ቤት ውስጥ ያላችሁ በነሱ ጀምሩ፣ በስልክ ስፒከር ግን አትሞክሩት፣ ቤዙ ከሌለ ምንም አይቀርም። ጎስት የሚባሉትን ስዊድኖችም የሚወድ ብዙ ነው፣ የ2022ቱ «ኢምፔራ» ዜማው ደስ ይላል፣ ለኔ ግን ከሙዚቃው ይልቅ ጭምብሉ ይበዛብኛል።

አሁን ወደምወደው ፍጥጫ ልምጣ፣ እህትማማቾች ከእህትማማቾች። ሃርት ማለት አንና ናንሲ ዊልሰን ናቸው፣ የ1977ቱን «ሊትል ክዊን» የሰማ ሰው ሮክ የወንድ ነው የሚለውን ወሬ እዛው ይተወዋል፣ የአን ድምፅ በዛን ዘመን ከነበሩት ወንዶች ሁሉ የሚተናነስ አይደለም። ከአዲሶቹ ደሞ ዘ ዋርኒንግ አሉ፣ ከሜክሲኮ ሞንቴሬይ ሦስት እህትማማቾች፣ በ2014 የሜታሊካን ዘፈን ቤታቸው ሆነው ተጫውተው ቪዲዮው አለም ላይ ሲዞር የመጨረሻዋ ቤዝ የምትመታው ልጅ ገና 9 አመቷ ነበር። አሁን አድገው «ኪፕ ሚ ፌድ» የሚለውን በ2024 አውጥተዋል፣ ጥርት ያለ ዘመናዊ ቀረጻ ነው፣ በማንኛውም ኤርፎን ይሰራል። ለጀማሪ፣ በተለይ ፖፕ ስትሰማ ለኖረች ልጅ፣ ከሃርት በፊት ዘ ዋርኒንግን ነው የማስቀድመው፣ ከዛ ወደ ኋላ ሃርት ጋ መሄድ ይቀላል። የአክስቴ ልጅ ዛሬ የሷ ባንድ የምትላቸው እነሱን ነው፣ ቫን ሄለንን ሁለተኛ አድርጋዋለች።

ስለ ቫን ሄለን ካነሳን አባትና ልጅን ማወዳደር ይቻላል። ልጁ ቮልፍጋንግ በማሞዝ ስም በ2021 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ላይ ጊታሩንም ቤዙንም ድራሙንም ድምፁንም ብቻውን ነው የሰራው፣ አባቱ ከሞተ አመት አልሞላውም ነበር። አባቱን ለመምሰል ባለመሞከሩ አከብረዋለሁ። በጊታር ጥበብ ካወዳደራችሁ አባትየው ነው፣ በዘፈን አጻጻፍ ግን ልጁ ብዙ ሰው ከሚለው በላይ ነው።

ለዲፕ ፐርፕል ግን አቻ ፈልጌ አጥቻለሁ። ጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋኑን በማርሻል የጊታር አምፕሊፋየር እያሳለፈ ኦርጋን እንደ ጊታር እንዲያጓራ አድርጎታል፣ ከአዲሶቹ እንደዛ ያደረገ እኔ የሰማሁት የለም። ኪቦርድ የምትወዱ፣ እኛ ሀገር ደሞ ኪቦርድ የማይወድ ማን አለ፣ የ1972ቱን «ማሽን ሄድ» ቀጥታ ክፈቱ፣ ሌላ ነገር አትምረጡ። ያንን አልበም ሊቀርጹ ስዊዘርላንድ ሞንትሮ ሄደው ሊገቡበት የነበረው ካዚኖ ታህሳስ 1971 ላይ በፍራንክ ዛፓ ኮንሰርት መሃል ተቃጠለ፣ ጭሱ ሀይቁ ላይ ሲዘረጋ አዩትና ዘፈን አደረጉት፣ የዛ ዘፈን ሪፍ ዛሬ ጊታር የያዘ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው ነው።

ሦስተኛ ምርጫም አለ፣ ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ የድሮዎቹ አዲስ ስራ። ኤሲዲሲ «ፓወር አፕ» በ2020፣ ጁዳስ ፕሪስት «ኢንቪንሲብል ሺልድ» በ2024 አውጥተዋል። የጁዳስ ፕሪስቱ በጣም ጠንካራ ነው፣ የኤሲዲሲው ለናፋቂ ነው፣ በሁለቱም ግን አትጀምሩ፣ ለኋላ አቆዩአቸው።

ቤታችን አጠገብ ያለውም አይረሳ። የዛምቢያው ዊች በ1975 «ሌዚ ቦንስ» የሚል አልበም አላቸው፣ የሚጎረብጥ ጊታር በአፍሪካ ምት ነው፣ ዘፋኙ ጃጋሪ ከብዙ አመት በኋላ ተመልሶ በ2023 «ዛንጎ»ን አወጣ፣ ስለዚ የድሮውንም የአዲሱንም በአንድ ባንድ ታገኙታላችሁ። የኛዎቹ ጃኖ ባንድ ደሞ በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጡት ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቢል ላዝዌል ጋር ነው፣ ቅኝታችን በዲስቶርሽን ማለትም በሚያጓራ የጊታር ድምፅ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ እሱን ይስማ። እንግሊዝኛው አልገባኝ አለ ለምትሉ ከሁሉ በፊት የማቀርብላችሁ እሱን ነው።

ሚሞሪ ስታስጭኑ

ሚሞሪ የምታስጭኑ ሰዎች ጥራቱን ጠይቁ። በ128 ኪሎቢት የተጫነ ኤምፒስሪ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ በ320 የተጫነው 2.4 አካባቢ፣ ስለዚ «ባክ ኢን ብላክ» በአንዱ 40 ሜጋ፣ በሌላው 100 ሜጋ ይሆናል። ለአዲሶቹ 128ም ብዙ አይጎዳም፣ የድሮዎቹ ግን ሲምባላቸው ማለትም የድራሙ ነሐስ ሳህን ውሃ ውስጥ እንደገባ ፍሽሽ ይላል፣ ለነሱ ቦታ አትሰስቱ። ሪማስተር የሚል ካያችሁ፣ የድሮው ቀረጻ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ ማለት ነው፣ ሁሉም አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ድምፁን ለማስጮህ ብቻ የተጨፈለቀ ነው፣ የዜፕሊን ከ2014 ጀምሮ የወጣው ግን ጊታሪስታቸው ጂሚ ፔጅ ራሱ የተቆጣጠረው ስለሆነ እሱን በሙሉ ልብ ውሰዱት።

በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የምትወጡ ደሞ 350 ኪሎሜትር ገደማ መንገድ አለላችሁ፣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሰው ያወራል፣ ስለዚ ጠዋት ከጅማ ስትነሱ በዘ ዋርኒንግ ጀምሩ፣ ቀጥሎ ራይቫል ሳንስ፣ ጊቤ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር «ባክ ኢን ብላክ»። ዜፕሊንን መንገድ ላይ አትንኩት፣ ማታ አልጋ ላይ ጋደም ስትሉ ክፈቱት፣ ኤርፎናችሁ ግራውም ቀኙም እንደሚሰራ አረጋግጣችሁ።